ኮዲንግ በክፍል ውስጥ፦ የጅማ መምህራንና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ስለ ኮዲንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ ስለ መጻፍ፣ ወሬ ሲነሳ መምህራን የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ኮምፒውተር የለም፣ ተማሪ ብዙ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ እኔም አልተማርኩትም። ወላጆችን የሚያሳስባቸው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱንም እዚህ ሰብስበናቸዋል። የአይቲ መምህር መሆን አያስፈልግም። የሒሳብ፣ የሳይንስ ወይም የቋንቋ መምህር ሆናችሁ ልትሞክሩት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ይሄ ለእናንተም ነው።

ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የለውም። ታዲያ ኮዲንግ ማስተማር እንችላለን?

አዎ፣ ትችላላችሁ። ይህን የምንለው ለማጽናናት አይደለም። ኮድ ከመጻፍ በፊት የሚመጣ ሥራ አለ። አንድን ትልቅ ሥራ በትንንሹ መከፋፈል፣ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል፣ ሲበላሽ የት ጋ እንደተበላሸ ፈልጎ ማግኘት። ይሄ ሁሉ በወረቀትና በጠመኔ ይሠራል።

ኒውዚላንድ ያለው የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ጨዋታዎች አሉት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተዘጋጁ ናቸው። ስሙ ሲኤስ አንፕላግድ ይባላል፣ በነጻ ይገኛል። ኮምፒውተር የሞላባቸው ትምህርት ቤቶችም ይጠቀሙበታል።

የሚያሳዝነው የተገላቢጦሹ ነው። የኮምፒውተር ላብ እያለ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሲፒዩንና የሞኒተርን ትርጉም ደብተራቸው ላይ የሚገለብጡበት ክፍል አለ። አንዲትም ትእዛዝ ራሳቸው ሳይጽፉ ዓመቱ ያልቃል። ጠመኔ ብቻ ያለው መምህር ከዚህ የተሻለ መሥራት ይችላል።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በምን እንጀምር?

ጅማ ነን፣ በቡና እንጀምር።

ተማሪዎቹን በአራት በአራት አቀማምጧቸው። ቡና አፍልቶ ለማያውቅ ሰው መመሪያ ይጻፉ። ከዚያ መምህሩ ሮቦት ይሆናል። የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማል፣ ያልተጻፈውን ከራሱ አይጨምርም። ባዶ ጀበና፣ ምጣድ፣ ሙቀጫና ሲኒ ከቤት ይምጣ። እሳት አያስፈልግም።

"ቡናውን ቁላ" ብለው ከጻፉ ሮቦቱ ቡናውን ጠረጴዛው ላይ ያማስለዋል። ምጣድ ላይ አድርግ ያለው የለማ! "ጀበናው ውስጥ ጨምር" ካሉት ሳይወቅጥ ጥሬውን ይጨምረዋል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ከሳቁ በኋላ የሚሆነውን ግን ልብ በሉ። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው እርሳስ አንስተው መመሪያቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ። እዚህ ጋ ማንም ልጅ "ተሳስተሃል" አልተባለም። መመሪያው ነው ያልሠራው፣ መመሪያ ደግሞ ይስተካከላል።

በሁለተኛው ዙር ጥያቄዎቹን አጥብቁ። መቁላቱ መቼ ይቆማል? "እስኪጠቁር" ይላሉ፤ ይሄ ቅድመ ሁኔታ ነው። እንግዳው ጨው ከፈለገስ? "ጨው ካለ ጨው፣ ካልሆነ ስኳር" ይላሉ፤ ይሄ ምርጫ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካስ? መመሪያውን ሦስቴ ከመጻፍ አንዴ ጽፎ "3 ጊዜ ድገም" ማለት ይቻላል። ይሄ ሉፕ ነው።

አሁን ከባዱን ጥያቄ አምጡት። ለቶናና ለበረካ አዲስ ቡና አይወቀጥም፣ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው። ታዲያ የትኛው እርምጃ ሉፑ ውስጥ ይገባል? የትኛው ውጭ ይቀራል? ክርክሩ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ! ኮምፒውተር ላይ ጀማሪዎች ከሚቸገሩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ አንዴ መደረግ ያለበትን ነገር ሉፕ ውስጥ ከትተው ደጋግመው ያስፈጽሙታል።

ትልልቆቹ ተማሪዎች "ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው" ይላሉ። ለእነሱስ?

ቆርኪ ሰብስቡላቸው። 36 ይበቃል።

አንድ ተማሪ 25 ቆርኪ በ5 ረድፍና በ5 ዓምድ ይደርድር። የትኛው ፊቱን ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደሚሆን እሱ እንደፈለገ ይወስን። ከዚያ መምህሩ "ትንሽ ላክብደው" ብሎ በየረድፉና በየዓምዱ ጫፍ አንድ አንድ ቆርኪ፣ ማዕዘኑ ላይም አንድ ይጨምራል። አሁን 6 በ6 ሆነ። ዘዴው ያለው እዚህ ጋ ነው። የሚጨመረው ቆርኪ በዚያ መስመር ፊታቸውን ወደ ላይ ያደረጉትን ቆርኪዎች ቁጥር ሙሉ በሙሉ ለ2 ተካፋይ እንዲያደርግ ሆኖ ይቀመጣል።

መምህሩ ዞር ይላል። አንድ ተማሪ አንዱን ቆርኪ ብቻ ይገለብጣል። መምህሩ ተመልሶ በአንድ እይታ "ይቺ ናት!" ይላል። የተገለበጠው ቆርኪ የአንድ ረድፍና የአንድ ዓምድ ቁጥር ጎደሎ አድርጓል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ መልሱ ነው።

ምስጢሩን ቶሎ እንዳትነግሯቸው። ሦስቴ አራቴ ድገሙላቸው። የሚደርስበት ልጅ ይመጣል። አንዳንዴ በሒሳብ ፈተና ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ከዚያ ጥያቄውን ግፉት፦ ሁለት ቆርኪ ቢገለበጥስ?

ኮምፒውተሮች ዳታ ሲላላኩ ስህተት መኖሩን የሚያውቁት እንዲህ ባለ ዘዴ ነው። ሱቅ ውስጥ የብስኩት ማሸጊያ ላይ ያለው 13 አኃዝ ባርኮድም የመጨረሻ ቁጥሩ ለዚሁ ለመፈተሻ የተቀመጠ ነው። ልጆቹ ማሸጊያ ይዘው ይምጡ። ከግራ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያሉ እስከ 13ኛው ያሉትን አኃዞች ይደምሩ። 2ኛ፣ 4ኛ እያሉ እስከ 12ኛው ያሉትን ደግሞ ደምረው በ3 ያባዙ። ሁለቱ ሲደመሩ ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው። አንዱን አኃዝ ለውጠው ቢሞክሩ ሒሳቡ እምቢ ይላል።

ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ይቻላል?

ከሁሉም ክፍል። ስክራች ጁኒየር የተባለው ፕሮግራም ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው የተሠራው፤ ማንበብ ሳይችሉ በስዕል ያዛሉ። ስክራች ደግሞ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉት ነው። ከዚያ በላይ ትእዛዙ በጽሑፍ ወደሚሰጥበት ቋንቋ፣ ወደ ፓይተን ማለፍ ይቻላል። ዕድሜው መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም። 10ኛ ክፍል ሆኖ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ በስክራች ቢጀምር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ኢንተርኔታችን ደካማ ነው። የትኛውን ፕሮግራም እንጠቀም?

ስክራችን። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ላይ ላለችው ድመት የሚሰጡት ትእዛዞች ባለ ቀለም ብሎኮች ናቸው፣ ልጁ እየጎተተ ያገጣጥማቸዋል። ፊደል መግደፍ ስለሌለ ጀማሪው ጊዜውን በማሰብ ያሳልፋል። ቋንቋ መምረጫው ውስጥ አማርኛ አለ።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን አንዴ አውርዱና በፍላሽ ወደ ሁሉም ኮምፒውተሮች ጫኑት። አዲሱ ስክራች ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተሮች አሮጌ ከሆኑ ስክራች 1.4 አለላችሁ፣ በጣም ቀላል ነው። ፍላሹን ግን ከየኮምፒውተሩ ጋር ከማነካካታችሁ በፊት ቫይረስ አስፈትሹ። አንድ ፍላሽ ሙሉ ላብ ሊያቆም ይችላል።

ለፓይተን ቶኒ የሚባለው ፕሮግራም ቀላል ነው፣ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ስልክ ብቻ ካላችሁ በአንድሮይድ የሚሠራ ፖኬት ኮድ የሚባል አለ። እሱም በብሎክ ነው፣ ለስልክ ስክሪን ታስቦ የተሠራ።

60 ተማሪ፣ 10 ኮምፒውተር። እንዴት ይሆናል?

ሾፌርና ረዳት አድርጓቸው። ሾፌሩ ማውሱን ይይዛል። ረዳቱ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይናገራል እንጂ ማውሱን አይነካም። በየ7 ወይም 8 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ሰዓቱን የክፍል አለቃው ይያዝ፣ ሲደርስ ያጨብጭብ።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ከሦስት በላይ ልጅ አታስቀምጡ፤ አራተኛው መስኮት ነው የሚያየው። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ላብ ውስጥ ሲሠራ ግማሹ ከላቡ ውጭ ወይም ጀርባ ላይ ባለው ጠረጴዛ በወረቀት ያቅድ። የፕሮጀክቱን ስዕልና የትእዛዙን ቅደም ተከተል ጽፎ ያልጨረሰ ቡድን ኮምፒውተር ጋ አይቀርብም። ይሄ ደንብ መጀመሪያ ያስኮርፋቸዋል፣ ኋላ ግን ራሳቸው ይወዱታል። አቅደው የገቡት ልጆች ቶሎ ይጨርሳሉና።

መብራት ቢጠፋስ?

ሁሌም የወረቀት ሥራ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። አንድ ስህተት ያለበት ኮድ የታተመበት ወይም በእጅ የተጻፈበት ወረቀት በጣም ጥሩ ነው። "ይሄ ድመቷን ወዴት ይወስዳታል? ስህተቱ የት ነው?" የሚል ጥያቄ ከሥሩ ይኑር። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድና ድምፃችሁ ሳይሰማ ሲቀርም ያው ወረቀት ይጠቅማል። ሥራችሁን በየ10 ደቂቃው ሴቭ አድርጉ የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን አስለምዷቸው።

እኔ ራሴ ኮዲንግ አልተማርኩም። ተማሪ ፊት ብዋረድስ?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ክብር ይገባዋል፤ ብዙ መምህራንን ወደኋላ የሚያስቀረው እሱ ነው።

ኮዲንግ ላይ መልስ ሰጪው መምህሩ ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ ራሱ ይመልሳል፤ ሠራ ወይም አልሠራም። ስለዚህ የእናንተ ሥራ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ሳይሆን ጥሩ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ምን እንዲሆን ፈለግሽ? ምን ሆነ? ከየትኛው ብሎክ በኋላ ነው የተለወጠው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፋችሁ ተዉአቸው። ልጅ ሲጠራችሁ ማውሱን አትቀበሉት። እጃችሁን ወደኋላ አድርጉና ጠይቁ። ተቀብላችሁ ካስተካከላችሁለት ኮዱ ይሠራል፣ ልጁ ግን የተማረው ነገር የለም።

ራሳችሁን ለማሳደግ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም አለ። ድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ (ኤአይ) በኦንላይን በነጻ ያስተምራል፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። ለራስ ዕውቀት ጥሩ ነው። ለ5ኛ ክፍል ልጆች የተዘጋጀ ትምህርት አድርጋችሁ ግን እንዳትወስዱት።

ሌላው ቅርብ ያለ ሀብት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት መለያው ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ነው። ርእሰ መምህሩ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ጽፎ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ቢጠይቅ አይከፋም። ሲመጡ ግን ሌክቸር እንዳይሰጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በየቡድኑ መሃል ቁጭ ብለው ይጠይቁ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ለእኔ ትምህርት ምን ይጠቅመኛል?

ብዙ። ስክራች ላይ ድመቷ የምትቆምበት ሜዳ ራሱ የኤክስና የዋይ ሠንጠረዥ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ከ‑240 እስከ 240፣ ከታች ወደ ላይ ከ‑180 እስከ 180። ኔጌቲቭ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቀ ልጅ ድመቷን ወደ ግራ ሲወስዳት ያየዋል።

ይበልጥ የሚጣፍጠው ጂኦሜትሪው ነው። እስክርቢቶውን አውርዱና ካሬ ሳሉ በሏቸው፦ 100 እርምጃ ሂድ፣ 90 ዲግሪ ዙር፣ 4 ጊዜ ድገም። ይሠራል። አሁን እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን በሏቸው። ሁሉም 60 ዲግሪ ይጽፋሉ፤ መጽሐፉ የሦስት ማዕዘኑ ማዕዘን 60 ነው ይላላ። ስዕሉ ግን አይዘጋም። ግማሽ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል። ለምን? እንዲነሱና ወለሉ ላይ በእግራቸው እንዲሄዱት አድርጉ። የሚዞሩት በውስጠኛው ማዕዘን ሳይሆን በውጭው እንደሆነ ሰውነታቸው ይነግራቸዋል፤ 180 ሲቀነስ 60፣ 120። ከዚያ አንድ ልጅ 360ን ለጎኖቹ ቁጥር ማካፈል ይበቃል ይላል፣ ክፍሉ በሙሉ ሰባት ማዕዘን፣ አሥር ማዕዘን፣ ክብ መሳል ይጀምራል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለ ቋንቋ ለልጆች ሲሠራ ሲይሞር ፓፐርት ከሠሪዎቹ አንዱ ነበር። ልጅ ሒሳብን እየሠራበት መማር አለበት ብሎ ያምን ነበር። በሎጎ ትታዘዝ የነበረችው ኤሊ ናት የዛሬዋ ድመት ቅድመ አያት።

በየትኛው ቋንቋ እናስተምር?

ልጆቹ በሚያስቡበት። ጅማ ውስጥ አንድ ክፍል አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውርኛ፣ ከፊኛ ወይም የምኛ የሚናገሩ ልጆች ሊኖሩበት ይችላል። ቡድኖች ሲወያዩ በፈለጉት ይወያዩ። "ሉፕ"፣ "ቫሪያብል" (ቁጥር ወይም ቃል የሚቀመጥበት ስም) የሚሉትን ቃላት እንዳሉ ውሰዷቸው፤ ኋላ ፓይተን ላይም ያገኟቸዋል።

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ መለያ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ፓይተን 3 ላይ የቫሪያብል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፦ ዋጋ = 40፣ ብዛት = 3፣ ድምር = ዋጋ * ብዛት። ይሠራል! ልጆች ይሄን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፣ ግን ብዙ አይደሉም።

ሴት ተማሪዎች ማውሱን ለወንዶቹ ይተዋሉ። ምን ይሻላል?

ጸባይ ነው ብላችሁ አትለፉት። የሾፌርና ረዳቱን ቅያሪ በሰዓት አስጠብቁ፤ ማን ቶሎ ነጠቀ የሚለው ያኔ ያበቃል። መጀመሪያ ላይ ሴቶችን ከሴቶች ጋር ማጣመር ይረዳል። ለሰልፍ ወይም ለሚኒ ሚዲያ ሥራ አቅራቢ ስትመርጡም ሁሌ ወንድ አይሁን። የኮዲንግ ክበብ ካላችሁ ደግሞ ዘግይታችሁ አታድርጉት። ከትምህርት በኋላ የቤት ውስጥ ሥራ የሚጠብቃት ልጅ 11 ሰዓት ላይ አትቆይላችሁም።

እንዴት ውጤት እንስጥ?

በትርጉም ጥያቄ አይደለም። ልጁ ሥራውን ያሳያችሁ፣ ከዚያ አንዱን ብሎክ ጠቁማችሁ "ይሄን ባወጣው ምን ይሆናል?" በሉት። ከጓደኛው የገለበጠ ልጅ እዚህ ይቆማል። ለተስተካከለ ስህተት ነጥብ ስጡ። ደብተሩ ላይ "ምን ተበላሸ፣ እንዴት አገኘሁት" ብሎ ሁለት መስመር ይጻፍ። ስህተቱን ደብቆ የመጣው ልጅ ሳይሆን አግኝቶ ያስተካከለው ከፍ ያለ ውጤት ይዞ ሲወጣ ክፍሉ በጸባዩ ይለወጣል።

ልጄ ኮምፒውተር ላይ ጌም ብቻ ነው የሚጫወተው። ኮዲንግ ሰበብ አይሆንበትም?

ስጋትዎ ተገቢ ነው። መለያው ቀላል ነው። "የሠራኸውን አሳየኝ፣ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ" ይበሉት። ጌም የሠራ ልጅ ማውራት አያቆምም። የተጫወተ ልጅ ግን ነጥቡን ብቻ ይነግርዎታል። እርስዎ ኮዲንግ ማወቅ የለብዎትም፤ አብረው ቁጭ ብለው መስማትዎ ይበቃል።

አሁን ኤአይ ኮድ ይጽፍ የለ? ልጆች ለምን ይደክማሉ?

ኤአይ የጻፈው ኮድ ትክክል መሆኑን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ማየት የሚችለው ደግሞ ራሱ ጽፎ፣ ተበላሽቶበት፣ ያስተካከለ ሰው ነው። ለጀማሪዎች ክፍል ውስጥ ባይፈቀድ ይሻላል። ለትልልቆቹ ግን ኤአይ የሰጠውን ኮድ አምጥተው ስህተቱን ይፈልጉ፣ ጥሩ ልምምድ ይሆናል።

በቡና ለቀማ ወቅት ተማሪ ይቀራል። ትምህርቱ አይቆራረጥም?

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከዞኑ ገጠር የሚመጡ ልጆች እንደሚቀሩ የታወቀ ነው። እዚህ የተነሱት ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ሳምንት የቀረ ልጅ ተመልሶ ይገባል። ረጅሙን ፕሮጀክት ከጥር በኋላ አድርጉት።

ለክበብ የሚሆን ፕሮጀክት?

የሚቀርባቸውን። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጅሬን ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው፣ ክፍል በክፍል የሚያስጎበኝ ስክራች ይሥሩ፤ ሲነኩት ስለ ቦታው የሚናገር። ስክራች ድምፅ ስለሚቀዳ ልጆቹ በየቤታቸው ቋንቋ ሰላምታ ቀድተው አንድ ላይ ማድረግ ይችላሉ። አያቶች ሳይቀሩ ይሳተፋሉ። የሳይንስ መምህር ካላችሁ ደግሞ በተቆረጠ ፕላስቲክ ጠርሙስ በየቀኑ የዝናቡን መጠን ይለኩ፤ ቁጥሩን ፓይተን ላይ አስገብተው አማካዩን ያውጡ፣ የየወሩን ያወዳድሩ። ጅማ ላይ መረጃ የሚያጣ ቡድን አይኖርም።

ሮቦትና ማይክሮቢት መግዛት አለብን?

ለመጀመር አያስፈልግም። ማይክሮቢት 25 ትንንሽ መብራቶች ያሉት፣ በኮድ የሚታዘዝ ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው፣ ሜክኮድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ሰሌዳው ሳይኖር በስክሪን መሞከር ይቻላል። ገንዘብ ከተገኘ ግን ቅደም ተከተሉ ይሄ ቢሆን እንመክራለን፦ በመጀመሪያ ማውስ። ማውስ ቶሎ ይበላሻል፣ በላፕቶፕ መዳሰሻ ብሎክ መጎተት ደግሞ ትንንሽ ጣቶችን ያደክማል። ቀጥሎ የመብራት ማከፋፈያና ጥሩ ገመድ። ከዚያ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ቡድን ያልሠራለትን ኮድ ክፍሉ በሙሉ አይቶ አብሮ እንዲፈታው። ሮቦቱ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።